የአዳማን ልጅ ፀሐይ ጠማው

ሐኪሟ ወረቀቱን ሁለቴ አነበበችው፣
መነጽሯን አውልቃ «አቶ ኩምሳ» ብላ ጠራችው።
«ቫይታሚን ዲ ዘጠኝ ነው፤ ሃያ እንኳ የለም፤ ዘጠኝ።»
እሱ ሳቁ መጣ። እኔን ብርድ ወረረኝ።

በአዳማ? በዚህ ሐሩር? ሬንጅ ጫማ በሚስም፣
የጋሪ ፈረስ እንኳ ያለ ጥላ በማይቆም፣
የባጃጁ ወንበር ጭን በሚለበልብ፣
ነፋሱ በአቧራ ላይ አቧራ በሚደርብ?
«የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ይሉ ነበር ድሮ፤
የአዳማን ልጅ ደግሞ ፀሐይ ጠማው ዘንድሮ።

ሃያ ስድስት ዓመት መዝገብ ቤት ነው ኩምሳ፣
ከምድር ቤት ጓዳ ፋይል ሲጥል ሲያነሳ።
ፀሐይ ሳትጠና ገብቶ፣ ምሳውን እዚያው በልቶ፣
ይመለሳል ማታ የፋይል አቧራ ተቀብቶ።
እሑድ ደግሞ እኔው ነኝ፦ «ቆብህን! ጃንጥላ!
ይመታሃል፣ ና ግባ፤ ተቀመጥ ከጥላ!»
ቆቡንም የገዛሁት እኔ ነኝ። ሰፊ ነው።
በመቶ ሰማንያ ብር፤ ጥላው እስከ ትከሻው ነው።

ደረቱን ያዝ ማድረግ የጀመረው ጥቅምት፤
«ደረጃው ረዘመ» ይላል። ያው ነው። አሥራ አራት።

«ታዲያ ልቡን ያደከመው ይኸው የፀሐይ እጦት ነዋ?»
አልኳት። አልቸኮለችም።
                              «ሁለቱ ባንድ አውቶቡስ
ሲወርዱ እናያለን፤
ማን ማንን ይዞ እንደመጣ ግን ገና እንጠይቃለን።
ይህ ኪኒን ለአጥንቱ ነው፤ ለልቡ ብዬ አልምልም፤
የግፊቱን መድኃኒት ግን አንድ ቀን መዝለል የለም።»

እውነቱን ልናገር፦ አንድ ጥፋተኛ ነበር የፈለግኩት፣
ስሙን ጠርቼ የምሰድበው፣ ወይ ቆቡን የማቃጥልለት።

አሁን እሑድ ረፋድ፣ አራት ሰዓት ሲል፣
እጅጌውን ሰብስቦ ግንቡ ሥር ቁጭ ይላል።
ክንዱ ከፊቱ ይቀላል፣ እጅጌው እስከሚደርስ፤
ማንም እንዳልገለጠው የአዲስ ፋይል ልባስ።
ጋሪ ነጂው ያልፋል፦ «ጋሼ፣ ጥላ ጠፋ ወይ?»
«ታዞልኝ ነው» ይላል፣ እያሳየ ሰማይ።

እኔ አጠገቡ ነኝ፤ ሰዓት በእጄ፣ ቆቡ ጉልበቴ ላይ።
አሥር ደቂቃ። አሥራ ሁለት። ላብ ወረደ ግንባሩ ላይ።
እጄ ቆቡን ያነሳል።
መልሼ አስቀምጠዋለሁ።
ያነሳል።