ተጠያቂ

ኢሪያ ቀጭን መፍቻ አላት፣ ዳሩ በዝናብ ያበጠ፣
የጥናቱን ቃል በሙሉ በፊደል ተራ ያስቀመጠ።
በቡሬላ ወደብ ዳር፣ መረብ ከሚጠገንበት፣
ዶሲንዳ ጎን ተቀመጠች፣ መቅረጫዋን ከፍታ፣ ጠዋት።

«ተጠያቂ» ይላል መጽሐፉ፣ «ጥያቄ የሚቀርብለት»።
ባልቴቷ ሳቀች፦ «እኔ ነኝ ተጠያቂ?
ጀልባዋ እንደምታፈስ እያወቀ የላካት
ባለ ድርጅቱ አለ አይደል? ሂጂ፣ እሱን ጠይቂ!»

«ጭብጥ» ይላል ሌላው ገጽ፣ «ከየአፉ የሚደጋገም»፤
የዶሲንዳ ጭብጥ በእጇ ነው፦ ሲባጎ፣ መርፌ፣ የጨው ቁስል።
«ሙሌት» ደግሞ፦ «አዲስ ነገር ሲታጣ ነው፤ ከዚያ ይቁም»።
አሥራ ሰባት ሴት ተጠይቆ፣ የሁሉም ቃል አንድ ሲመስል፦
«ማክሰኞ ነው። ነፋስ የለም።»

ሞላ፣ አለች ኢሪያ በልቧ። እጇን ወደ ማጥፊያው ስትሰድ
ዶሲንዳ መርፌዋን አቆመች።
«ቦት ጫማውን በር ላይ ትቶ ነው የሄደው። እስካሁን ደረቅ ነው»
አለች፤ ከዚያ ዝም አለች።

አርባ አንድ ሴኮንድ ሮጠ፣ ቀይዋ መብራት ሳትጠፋ።

ማታ፣ በእንግዳ ማረፊያው አልጋ፣ መፍቻዋን ገጽ በገጽ ገልጣ
«ዝምታ»ን ፈለገች፤ የለም።
እርሳስ አነሣች። ከ«ሙሌት» ግርጌ፣ በጠባቧ ኅዳግ፣
«ደረቅ ጫማ» ብላ ጻፈች።
መቅረጫው በአረንጓዴ ፊደል አሁንም ይጠይቃታል፦
ይቀመጥ? ይጥፋ?