በሰው ስም

ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ደንዲ ላይ ያካፋል፤
ከቴይ ወንዝ የተነሣ ንፋስ መስኮት ይገፋል።
ጠረጴዛ ዘርግቼ በአዳራሹ ጥግ ላይ
አርባ ዓመቴን ደረደርኩ፣ ገዢ መጥቶ እንዲያይ።

የከበሮ ዱላ፣ ስብሩ፣ አንዱ ብቻ፤
የመድረክ ጀርባ ካርድ፣ ክሩ የነተበ፤
በሲጋራ ፓኮ ላይ የዘፈኖች ተራ፣
ቢራ የፈሰሰበት፣ በግምት የሚነበብ።
ሰባት ሸክላ።
"ቀስ በል፣ ሸክላ ነው" እላለሁ ለሚያነሣው ሁሉ፤
ሰዎች ግን ሸክላነታቸውን ረስተው ያልፋሉ።

እኔ ዘፋኝ አይደለሁም። ተሸካሚ ነበርኩ።
የድምፅ ማጉያ ሣጥን በትከሻዬ ያዞርኩ፣
ከአበርዲን እስከ ሊድስ ደረጃ የቆጠርኩ፣
ለነሱ ሲጨበጨብ ገመድ የጠቀለልኩ።

ኢሽቤል የምትባል ልጅ አለች፣ ፊልም የምትሠራ።
ቴሌቪዥን ጣቢያው ደጁን ቢዘጋባት፣
ቁጠባዋንም የቤት ኪራይ ቢበላባት፣
"እኔ አለሁ" አልኳት።
"ምን አለህ?" አለችኝ።
"የሰው ላብ የደረቀበት ጃኬት አለኝ" አልኳት።

ፊልሙ ስለ አንዲት ዘፈን ነው፤ ሁሉም የሚያውቃት፣
በሠርግ፣ በቀብር፣ በኳስ ሜዳ የሚጮሃት።
በሸክላው ጀርባ ላይ "ግጥምና ዜማ" ተብሎ
የአራት ወንዶች ስም ቆሟል ተከታትሎ።
አምስተኛዋ የለችም።

የጆንያ ፋብሪካ ፈታይ ነበረች።
እዚያ ማሽን ሲጮህ ጆሮ ሥራ ይፈታል፤
ወሬ በእጅ ይወራል፣ ዘፈን በከንፈር ይታያል።
ዊሊያሚና ፔትሪ። ጓደኞቿ "ሚና" ይሏታል።
ሚና ኖረች፣ ሚና ሞተች፣
ሚናዋን የጻፈ የለም።
አንድ ሌሊት መጠጥ ቤት ስታንጎራጉር የሰማኋት እኔ ነኝ።
በማግስቱ ለልጆቹ ያፏጨሁላቸውም እኔ።

ወደ ስድስት ሰዓት ላይ አንድ ሰውዬ መጣ፣
የዝናብ ልብሱ የሚንጠባጠብ፣ ራሱ መላጣ።
ጊታሩን አነሣ፤ ሆዱ ላይ የአራቱ ፊርማ።
"ስንት ነው?"
"አራት መቶ ፓውንድ።" ድምፄን እኔው ስሰማ
የሌላ ሰው መሰለኝ።
አራት መቶ! የሁለት ቀን ካሜራ፣ የአንድ ቀን ድምፅ ቀጂ።
"ለባለቤቴ ነው" አለ ብሩን እየቆጠረ፣
"ያን ባለጸጉሩን በልጅነቷ ትወደው ነበረ፤
አሁንም ሳይሆን አይቀርም።"

"ቆይ" አልኩት።
"አራቱም ፊርማ የእኔ ነው። እነሱ ሲደክማቸው፣
አውቶቡስ ውስጥ ተጋድመው መጠጥ ሲጥላቸው፣
ደጋፊ ደጅ ሲቆም እኔ ነበርኩ እጃቸው።
ባለጸጉሩ ራሱ ባንክ ቤት ቢፈርም
ከእሱ ይልቅ የእኔን ያምኑ ነበር።"

ዝም አለ። ዝናቡ ብቻ።
ብሩን አንድ በአንድ ወደ ኪሱ መለሰ፣
ሠላሳ አምስት ፓውንድ ላይ ሲደርስ ቆመ።
"የአንተስ ስም ማነው?"
"ኢዋን ዶይግ።"
"እሱን ጻፍበት።"
አራት ስም የለመደ እጄ በአምስተኛው ተርበተበተ፤
ስጨርስ የልጅ ጽሑፍ መሰለ፣ መስመሩን የሳተ።

ሠላሳ አምስት ፓውንድ ሁለት ሰው አርብሮዝ አድርሶ ይመልሳል፤
ከተረፈም የተጠበሰ ዓሣ፣ ከነወረቀቱ።
የሚና ልጅ ኔታ ሰማንያ አልፏታል።
እሷም ፈታይ ነበረች፤ ማሽኑ ጆሮዋን ወስዶታል።
ኢሽቤል ሸክላውን አስቀምጣ መርፌውን ጣለች፤
ኔታ መዳፏን ከማጉያው ላይ አሳርፋ ቆየች።
"ይፈጥናል" አለች። "እናቴ እንዲህ አትቸኩልም።"

ከዚያ እጆቿን አነሣች፣
በእናቷ ፍጥነት፣ በከንፈርና በጣት፣ ያለ አንዳች ድምፅ ዘፈነች።
ካሜራው ይዞራል።
ድምፅ ቀጂ አልቀጠርንም፣ ገንዘቡ አልበቃም፤
አላስፈለገንም።

ሁለተኛው ስንኝ ሲያልቅ "ጨረሰች" ብለን ስናስብ
እጇ አልወረደም።
ሦስተኛ ነበረው ለካ፣ ከሸክላው ላይ የሌለ።
ከንፈሯን በዝግታ እያየን፣ እያስቆምን፣ እየመለስን፣
የፈታይዋን ቃል
እስከ ዛሬ እየፈታን ነው።