ዳሩ አዲስ ነው

«እየው» አለኝ ሙደሲር፣ ያንድ ድርሃም ሳንቲም ይዞ፣
«መሃሉ ልሙጥ ነው፤ አልቋል ተጉዞ ተጉዞ።
ሳንቲሟ አልሰመጠችም፣ የሚይዛት ጥርስ የለም፤
ዳሩን ግን ተመልከተው፣ ጸጉሩ እንኳ አልረገፈም።»

እውነቱን ነው። ግራና ቀኙ ላይ፣ እንደ አራስ ልጅ ጸጉር፣
ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ላስቲክ ቆሟል፣ ቀጭን፣ ጥቁር።
መሃሉ በነሐሴ አስፋልት ተጠብሶ
እንደ ሱቅ መደርደሪያ ጠፍጣፋ ሆኗል።
ምን ያድርግ፤ የዚህ አገር መንገድ መታጠፍ አያውቅም፣
ከሻርጃ ዱባይ የተወጠረ ገመድ ነው።

እኔም መሃሌ ነው ያለቀው።
ሁለት ዓመት ከኩሽና እስከ ደንበኛ በር፣
ከበር እስከ ኩሽና።
ኮምቦልቻ ሳለሁ ሰው የማስቅበት ወገኔ
እንደታሸገ ቀርቷል።

ቀጥ ብለህ ስትሄድ ምንም አይልህም፤ ተንኮሉ እዚህ ላይ ነው።
ስትታጠፍ ግን፣ በጨለማ አንድ ደረጃ እንደሳተ እግር፣
ከጠፍጣፋው ወደ ዳሩ ዘጭ ይላል፤
መሪው ካንተ በፊት ይወስናል።

ለአለቃዬ ነገርኩት። «ይሄዳል?» አለኝ።
«ይሄዳል» አልኩት።
«ይሂዳ።»

በጥር ያቺ በዓመት አንዴ የምትመጣው ዝናብ መጣች።
የከረመው ዘይት ካስፋልቱ ተነሥቶ ቀለም አወጣ፤
አደባባዩ ጋ ሞተሩን ሳጋድል
የኋላው እግር ተለየኝ፣ ሳይሰናበት፤
እኔ ወዲህ፣ ሞተሬ ወዲያ፣ የምስር ሾርባው በመሃል።
አንድ ነጭ ፒክአፕ ከሄልሜቴ ስንዝር ሲቀረው ቆመ።
ኪሴ ውስጥ ስልኩ ይጮኻል፦
ዘግይተሃል፣ ዘግይተሃል።

ሙደሲር በዱቤ ቀየረልኝ፤
ግማሹን ደሞዝ ሲደርስ፣ ግማሹን ሲመቸኝ።
አሮጌውን ወደ ክምሩ ወረወረው፣
ዳሩ እንዳማረበት።
«ስማ፣ አዲስ ጎማ ሰም አለው» አለኝ እጁን እየጠረገ፣
«ሰሙ እስኪለቅ ቀስ በል፤
ወርቁ ከሥር ነው፣ ቶሎ አይሰጥም።»

ያን ሌሊት፣ ትእዛዝ ሳይኖረኝ፣
መንገዱ ደርቆ፣
ያንኑ አደባባይ በዝግታ ዞርኩት፤
አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣
በየዙሩ ጥቂት ጋደል እያልኩ፣
ዳሩም አስፋልት ምን እንደሚመስል ይወቀው ብዬ።