ሦስተኛዋ ምት

ቀን ቀን የሰው ቤት ውሃ ቆጣሪ አነባለሁ፤
ከሆጤ እስከ ሰኞ ገበያ ክዳን እየገለጥኩ አጎነብሳለሁ፣
ከመስታወቱ ጭቃ ጠርጌ ቁጥር እጽፋለሁ።
ማታ ግን፣ ቧንቧ ውሃ፣ ከኪራይ ቤቴ፣
ጊታር ታቅፌ፣ በአርባ ስድስት ዓመቴ፣
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፤
ከንፈሬ ፊደል እንደሚቆጥር ሕፃን ሲንቀሳቀስ፣
ጣቴ ሲሳሳት።

ጊታሩን ከአበጋዝ ገዛሁት፣ ከፀጉር አስተካካዩ፤
ከርሞ ነበር ተሰቅሎ፣ ደንበኞቹ ሁሉ እያዩ፤
ሆዱ በፕላስተር የተለጠፈ፣ ከጎኑ የተሰነጠቀ።
"ለልጅህ ነው?" ሲለኝ፣ ራሴ በአዎንታ ተነቃነቀ።
ልጅ የለኝም።
አምስት ዓመት ጠበቅን፣ ሌላም አምስት፣ ከዚያ መቁጠር ተውን።
ቅዳሜ ጢሜን ስላጭ፣ "ልጁ በረታ?" ይለኛል፤
"ጣቱ ገና ነው" እላለሁ፤ መስታወቱ ውስጥ ያየኛል።

የግራ ጣቶቼ ጫፍ ቀላ፣ ቆሰለ፣ ቆይቶ ደነደነ፤
ጦይባ በጨለማ ዳብሳ፣ "ይሄ ደግሞ የማን ጣት ሆነ?"

ከደሴ ባቲ በሚኒባስ ሁለት ሰዓት አይሞላም፤
እኔ ግን ባቲን፣ ቅኝቱን፣ በስድስት ክር ስፈልገው
ስምንተኛ ወሬ ነው፤ ገና ኮምቦልቻ አልደረስኩም።

ስልኬን በስኳር ጣሳ አስደግፌ "ቅዳ" የሚለውን እነካለሁ፤
ቀይዋ ነጥብ ስትበራ፣ ቅድም የማውቀውን ሁሉ እረሳለሁ።
ድምፅ ጨርቅ ይወዳል ሲሉ ሰምቼ፣ ቁም ሣጥኑን ከፍቼ
አንድ ሌሊት ቀዳሁ፣ ከጦይባ ቀሚሶች መሀል ገብቼ።
ስሰማው፦ ዝናብ በቆርቆሮ፣ የዒሻ አዛን፣
ዳገቱ ላይ የሚያቃስት ባጃጅ፣ የወደቀ የድስት ክዳን፣
ከሁሉም ሥር እኔ፣ በሕይወቴ የገባሁ ከሣጥን።

ደግሞም ግድግዳው አለ። ኳ። ኳ። ኳ።
ጋሽ ይማም ሙሄ ናቸው፣ ከሰላምታ ሌላ ቃል የማይወጣቸው፤
ጊታሬ ገና ሲጀምር፣ ግድግዳውን የሚመታ እጃቸው።
ክሩን በመዳፌ አፍናለሁ። "ሽማግሌ አስቀየምክ" ትላለች ጦይባ።
ሳምንት ሙሉ ከክሩ ሥር ካልሲ ወትፌ
ተለማመድኩ፣ እንደ ሌባ።

መብራት የጠፋ ማታ፣ የስልኩ ባትሪ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣
የድሮዎቹን ከፈትኩ። ልምምድ አሥራ ዘጠኝ።
ማዳመጫውን አንዱን ለጦይባ፣ አንዱን ለራሴ።
ኳ።
"ቆይ" አለች ክንዴን ይዛ። "እስቲ መልሰው።"
መለስኩት።
አንድ ላይ ኳ፣ ሁለት ላይ ኳ፣ ሦስተኛዋ ላይ
እኔ ቀድሜ ነጉጃለሁ፤
ኳታው በቦታው አለ፣ ወዲህ ወዲያ ሳይል።
ቁጣ አልነበረም። ቁጣ እንዲህ አይስተካከልም።
ግድግዳው ልክ ነበር፤ የተንጋደድኩት እኔ ነኝ።

ማግስቱን፣ የጦሳ ጉም ገና ሳይነሳ፣ ቆጣሪያቸው ላይ አጎነበስኩ፤
ጭቃውን በእጅጌዬ ጠረግኩ፤ ቀና ማለት አፈርኩ።
"ሦስተኛዋ ላይ ትቸኩላለህ" አሉኝ ከበላዬ፣ በምርኩዛቸው ቆመው።
"ምን አስቸኮለህ?"
የመዳፋቸው ጠርዝ ደንድኗል፤ አየሁት። ማየቴንም አዩ።
"ድቤ ነው" አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም።
መዝገቤ ላይ ጻፍኩ፦ የወሩ ፍጆታ፣ ሁለት ሜትር ኩብ።
የአንድ ሰው ውሃ።

ማታ ወንበሬን አስጠጋሁ፣ ካልሲውን አወጣሁ፤
ስልኩን ከጣሳው አንስቼ ግድግዳው ሥር አኖርኩት፣
ለሁለታችን እኩል እንዲደርስ።
ቀይዋ ነጥብ በራች።
አንድ። ሁለት።
እዚህ ላይ ጆሮዬን አዘነበልኩ፣
ጠበቅኩ።