የግምት እንጀራ

የባቲ ሰኞ ነው፣ ቋንቋ ያስተማረኝ፤
ከጨው አሞሌ ጋር፣ ቃል እያስቋጠረኝ።
"ስንት ነው?" "ቀንስ።" "እንቢ።" "እስኪ ጥርሷን አሳየኝ።"
ከዚህ የዘለለ፣ አፋርኛም የለኝ።

ፍርድ ቤቱ አንድ ጊዜ፣ አስተርጓሚ ጠፍቶ፣
"ይመር አለ አይደል ወይ!" አለ አንዱ ተነሥቶ።
ማስተባበል ሲገባኝ፣ ጫማዬን አየሁ፤
"የለም" ማለት አፍሬ፣ "እሺ" አልኩና ገባሁ፤
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ እንደ ገባሁ ቀረሁ።

የማላውቀው ቃል ሲመጣ፣ እስላለሁ፤
በሳሉ መካከል፣ ግምት አበጃለሁ።
ግማሹን ከዓይናቸው፣ ግማሹን ከእጃቸው፣ ግማሹን ከራሴ፤
በሦስት ግማሽ ምስክር፣ ስንቱን ፈረደ ምላሴ!

"አቤት የይመር አፍ!" ሲሉኝ ሻይ ቤት ገብቼ፣
ይመረኛል ሻዩ፣ አራት ስኳር ከትቼ።
ሌሊት የጣራው ቆርቆሮ፣ የቀኑን ሙቀት ሲተፋ፣ ቋ ሲል፣
መጡ እላለሁ ቃላቱ፤ "የት ጣልከን?" ሊሉኝ ይሆናል።

አንድ ቀን ሽማግሌው ጋዓስ ቆሙ።
በሚሌ መንገድ ላይ፣ አይሱዙ የግመላቸውን ግልገል ገጭቶ ገድሏል።
ሾፌሩ ካደ፦
"ግልገሏ ብትሞት፣ እናቲቱ እስከ ዛሬ ትታለብ ነበር?"
ጋዓስ መለሱ፣ ረጅም፣ በዚያ በቀስታቸው፤
ከመካከሉ አንዲት ቃል
እንደ ጠጠር ጫማዬ ውስጥ ገባች።

"ግልገል" ልትሆን ትችላለች። ትመስላለችም።
"በግልገሏ ነው የምትታለብ" ልል፣
ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር።
ሳልኩ።
ደግሜ ሳልኩ።
ዳኛዋ ብዕሯን አነሣች።

"ይቅርታ፣ ይህችን ቃል አላውቃትም።
ሌሎችም ብዙ አሉ፣ የማላውቃቸው።"

ጸሐፊው ሳቀ። ጣራው አልወደቀም።
ጋዓስ ግን ፊቴን አይተው፣ ዱላቸውን አስቀምጠው፣
በባዶ አየር ላይ ቆዳ ገፈፉ፤
ሣር ጠቀጠቁበት፤ ሰፉት፤
ከአንዲት የሌለች እናት አፍንጫ ሥር አቆሙት፤
ጎንበስ ብለው፣ በጣቶቻቸው አለቡ።

ሣር የሞላው ቆዳ!
ልጅ የሚመስል፣ ልጅ ያልሆነ፣
እናት እያሸተተችው ወተቷን የምትለቅለት።

ይህችን ቃል እንዴት ሳላውቃት ቀረሁ?
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስሜ ነበረች'ኮ።

ደብተሬ ላይ መጀመሪያ የጻፍኩት እሷን ነው።
ሰኞ ሰኞ፣ ከግመሎቹ ጥላ ሥር፣
ከጋዓስ አጠገብ ቁጢጥ ብዬ እጠይቃለሁ፤
ችሎት ፊት "ይድገሙልኝ" እላለሁ፣ አንዳንዴ ሁለቴ።
"የይመር አፍ ተሳሰረ" ይሉኛል ሻይ ቤት።
ይበሉ።
ስኳሩን ወደ ሁለት አውርጃለሁ።