ሞላ

ከኋላ ወንበር ሥር አንድ ነገር ኳ አለ፤
«ጉድጓድ ነው» አልኳትና መንገዱ ቀጠለ።
ሚያዝያ ነው፣ ዊኒፔግ፤ በረዶ ሲቀልጥ፣
አስፋልቱ የተበላ ጥርሱን ሲያገጥጥ፣
አንዲት ኳታን ማን ይቆጥራል? ማንስ ይወርዳል ሊያይ?
ልጆቹ ከኋላ ይጣላሉ፣ በአንዲት ቻርጀር ላይ።

በማግስቱ ጠዋት በመስኮት ሳየው
መኪናው ከኋላው ተቀምጧል፤ ይኸው፦
ቁጢጥ ብሏል እንደ ውሻ፣ ገላው ጎማው ላይ ተኝቶ፣
መብራቱ መንገዱን ትቶ የጎረቤት መኝታ ቤት አይቶ።

«ጭነት ነው» አልኩ። ጭነቱን አወረድኩ፦
የያፌትን የሆኪ ሻንጣ፣
ከጥቅምት ጀምሮ የተረሳ የአሸዋ ከረጢት፣
የትርሲትን የሥራ ጫማ፣ ሁለት ካርቶን ውኃ፣
የማን እንደሆነ ያልታወቀ አንድ ጓንት።
ባዶ ሆነ።
ቁጢጥ እንዳለ ነው።

ሮዴል ፊሊፒናዊ ነው፤ ጋራዡ ከባቡሩ ሐዲድ ማዶ፤
ክሪኩን ከታች ሰደደ፣ ጎማውን ፈታ ዳዶ በዳዶ።
«ና እስቲ፣ ጎንበስ» አለኝ፤ ባትሪውን አበራ፤
ሁለቱም ሞላዎች ተሰብረዋል፣ በቀኝም በግራ።
«ጨው ነው» አለ፣ «እንዳንንሸራተት መንገድ ላይ የሚበትኑልን፣
እሱው ነው ከሥር ከሥር ብረታችንን የሚበላብን።»

ሞላ! ምን ዓይነት ስም ነው ለሚጎድል ነገር?
ሰባት ወንበር ገዝተን ለዘመድ ስናወራ፣ ስንፎክር፣
ወንበሩ ሞላ፣ ቤቱ ሞላ፣ የልጆቹ ቁጥር ሞላ ስንል፣
እሱ ከሥር፣ በጨለማ፣ ዝም ብሎ ሲጎድል።

ሮዴል ግን ስብራቱን በጣቱ ዳሰሰ፤
የግራውን አሳየኝ፤ ዝገቱ እስከ ልቡ ደረሰ።
«ይህኛው ቆይቷል» አለ፣ «ጥር ላይ ነው፣ ምናልባት ታኅሣሥ።»
የቀኙን አዞረው፤ የተሰበረበት ፊት
ገና ያብለጨልጫል፣ እንደ ሳንቲም፣ የትናንት።
«አየህ፣ አንደኛው ሲሰበር ድምፅ ላያሰማ ይችላል፤
ያኛው የሁለቱን ጭነት ለብቻው ይሸከማል።
ሦስት ወር ተሸከመ። መኪናህም ሄደ፤ አንተም አልሰማህ።
ጉድጓዱ አልሰበረውም» አለኝ፤ «ጉድጓዱ ነገረህ።»

ጥር።
ጥርን አውቀዋለሁ። መጋዘኑ «ለጊዜው ነው» ብሎ
በሩን የዘጋብኝ ጥር ላይ ነው።
ትርሲት የሌሊት ፈረቃ ጨመረች፤
ሽማግሌዎቹን ከአልጋ አንሥታ ታጥባለች፣ መልሳ ታስተኛለች፣
ጠዋት ሦስቱን ልጆች ትምህርት ቤት ታደርሳለች፤
«ደከመሽ?» ስላት «ደህና ነኝ» ትላለች፤
«ደህና ነኝ» ስትል አንድ እጇን ወገቧ ላይ ታሳርፋለች።
ያን እጅ አየሁት እንጂ
አላየሁትም።

«የግራውን ብቻ ብትቀይርልኝስ?» አልኩት፣ ኪሴን እየዳበስኩ።
ራሱን ነቀነቀ። «ጥንድ ነው የሚቀየረው።
አንዱን አዲስ፣ አንዱን አሮጌ አድርጌ አልሰድህም፤ ያጋድላል።»
ግማሹን አሁን፣ ግማሹን ሰኔ ላይ ልከፍል ተስማማን።

አመሻሽ ላይ መኪናው በአራት እግሩ ቀጥ አለ፤
ሶልያና ልትሳፈር ብትል እግሯ አልደርስ አለ፤
«ባባ፣ መኪናው አደገ!»

መሪውን እኔ ያዝኩ። ትርሲትን ወደ ሥራ ሳደርስ
ያው ጉድጓድ መጣ፣ በጭቃ ውኃ ተሞልቶ።
ቀስ አልኩ።
ምንም ድምፅ የለም።
«ወገብሽ» አልኳት፣ «ከጥር ጀምሮ ነው?»
መንገዱን እያየች ቆየች።
የመስታወቱ መጥረጊያ አንዴ ሄዶ ተመለሰ።
«ከታኅሣሥ» አለች።