ሦስት ባዶ መስመር

ቅጹ ሦስት መስመር፣ ሦስቱም ባዶ ናቸው፤
አንድ ወር ውጭ ሄደን የምንማርባቸው
የሆስፒታል ስሞች የሚሰፍሩባቸው።
እስከ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ዛሬ ነው ቀነ ገደቡ፤
እኔ ግን ጣና ዳር ተቀምጫለሁ፣
ብዕሬ ክዳኑን ለብሶ፣ ሐሳቤ ተዘርግቶ እንደ መረቡ።

ምንይችል ትናንት ሞልቷል፤ እሱ ሒሳብ አዋቂ ነው።
«ስም ያለው ቦታ ሂጂ» ይለኛል፣ «ስም ነው የሚያሻግረው፤
ትልቅ ሐኪም ይወቅሽ፣ ደብዳቤ ይጻፍልሽ፣
ስፔሻሊቲ ስትገቢ ያ ነው የሚቆምልሽ።
የድንገተኛ ሕክምና ወንበሩ ጥቂት፣ ፈላጊው ብዙ ነው፤
አንድ ወር ማለት፣ እኅቴ፣ ሠላሳ ቀን ሙሉ ፈተና ነው።»

አልዋሽም ለውኃው፣ እኔም እፈልጋለሁ፤
ያንን የአዲስ አበባ ድንገተኛ ክፍል በሕልሜ አያለሁ፤
ልብ ስትመታ በስክሪን የምትታይበት፣
የትንፋሽ ማሽን ተሰልፎ የቆመበት፣
ጋውኔ ላይ አዲስ ባጅ፣ ስሜን በትልቁ የጻፉበት።
(አዎ፣ እሱም አለበት።)

ግን ያ ሌሊት አለ።
በሰኔ ማዕበል ከደቅ ደሴት ያመጡት፣
አያ ጥጋቡ የሚሉት
ዓሣ አስጋሪ።
ደረቱን ይዞ ሲወድቅ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም አሉ፤
ጀልባ እስኪገኝ፣ ናፍጣ እስኪለመን፣ ሞገዱ እስኪበርድ ሲሉ
እኛ በር ላይ ሲደርሱ ዶሮ ሊጮኽ ነው።
እጁ የዓሣ ሽታ፣ ጥፍሩ ውስጥ የደንገል ስንጥር፤
ደረቱን ተጫንሁ፣ ሲስተር ይታይሽ ስትቆጥር፤
«ሃያ ስምንት፣ ሃያ ዘጠኝ፣ ሠላሳ፤»
ድምጿ አይሰበር፣ አይነሳ።
ከዚያ ዝም።
ልጁ በሩን ተደግፎ ጠየቀኝ፣ «ዘገየን?» ብሎ።
ሌላ ምንም አላለም፤ ጫማው ውስጥ የሐይቁ ውኃ ሞልቶ።

ይህን የሚያስተምር የትኛው ሆስፒታል ነው?
ያን ሁሉ ሰዓት ውኃ፣ የትኛው ማሽን ነው የሚያሳጥረው?

ጠዋት ሬጅስትራር ሄጄ አቶ ውባንተን ጠየቅሁት፤
«ደቅ፣ ጤና ጣቢያ፣ ብዬ ብሞላስ?» አልሁት።
መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አየኝ፣ እንደ ታመመ ሰው፤
«ልጄ፣ ከዝርዝሩ ውጭ ኮምፒውተሩ አይቀበለው።»
ሳቅሁ። እውነት ለመናገር፣ ትንሽ ቀለለኝ፤
ደግ ለመሆን ሞክሬ ሕጉ ከለከለኝ።

ሲስተር ይታይሽን ከአዳር ስትወጣ አገኘኋት፣
ባጃጅ ስትጠብቅ፤ ጭንቀቴን ነገርኋት።
እግሯ አብጧል፤ ሃያ ሁለት ዓመት ቆማለች በዚያ በር።
«የሚያመሰግንሽ ጋ አትሂጂ» አለች፣ «የሚቆጣሽ ያለበት ነው አገር።
"ቆይ፣ ለምን?" የሚልሽ፤ እጅሽን የሚይዝ ስትቸኩዪ።
መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚያደርጉ፣ እሱን እዪ።
ማሽኑንማ ነቅለሽ ይዘሽ አትመጪ፤
እጅሽን ብቻ ነው ይዘሽ የምትወጪ።»
ባጃጁ መጣ። «ቁርስ ብዪ» ብላኝ ገባች።

አሁን ዘጠኝ ተኩል።
አንድ ታንኳ እንጨት ጭኖ ከዘጌ በኩል ይመጣል፤
ቀዛፊው አይቸኩልም፤ ወገቡ ብቻ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ ይላል።
የደንገል ታንኳ ውኃ ላይ ስትከርም ውኃ ትጠጣለች፤
ወጥታ ፀሐይ ካልመታት፣ ቀስ ብላ ትሰምጣለች።

ክዳኑን ከፈትሁ።
አንደኛ፦ አዲስ አበባ። እጄ አልተንቀጠቀጠም።
ሁለተኛ፦ ሐዋሳ፤ እዚያም ሐይቅ አለ፣ ባይተዋር አልሆንም።
ሦስተኛው መስመር ላይ «ደቅ» ብዬ ጻፍሁ፤
አቶ ውባንተን አስታወስሁ፤
ሰረዝሁ፣ በላዩ «ጎንደር» አልሁ።

አሥራ አንድ ሊሆን አምስት ጉዳይ።
ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አንሥቶ፣ ብርሃን ላይ ያዘው፤
«እዚህ ጋ ሁለት ስም አለ» አለ፣ «የቱን ነው የምመዘግበው?»
«የላይኛውን» አልሁት፣
«ለአሁን።»